በጸጉሬ ፋንታ የነደደ ቅንድብ

ትናንት ልጄ ሒክማ የአባቷን ግራ ቅንድብ ጫፍ ኩል ልትቀባው ስትል ደረስኩባት። የአክስቷ ሠርግ ቀርቧል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ፎቶ ይነሳል፤ እሷ ደግሞ ዘንድሮ ከመስታወት በቀር ዘመድ የላትም። አባቷ ኑሩ ሶፋው ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጢሙን እንደሚላጭ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ኩሉ ሊነካው ጣት ሲቀረው «ተዪ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት፣ ሳልዋሽ፣ የኮምቦልቻን ውሾች በሙሉ ጸጥ አሰኝቷል።

«ምነው እማ? ጫፉ እኮ ባዶ ነው» አለች።

«ባዶ አይደለም። ታሪክ አለበት።»

«ታሪኩ ፎቶ ላይ አይታይማ።»

የዛሬ ልጅ እንዲህ ነው። ለሷ ብጀምርላት ግማሹ ጋ ሳልደርስ ስልኳን ታያለች። እናንተ ግን ጊዜ ያላችሁ ትመስላላችሁ፤ ጠጋ በሉ።

በልጅነቴ ጸጉሬ ዝነኛ ነበር። እናቴ ስትጎነጉነኝ ጎረቤት ለደቦ ይጠራ ነበር። አንድ ጊዜ የጠፋች ጫጩት ከሦስት ቀን በኋላ ጸጉሬ ውስጥ ተገኝታለች። ይህን እንኳ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ከኔ የባሰች አጋናኝ ነበረች፤ ሙያው የዘር ነው። ዓረብ አገር ልሄድ ስነሳም ያለችኝ «ገንዘብ ላኪ» ወይም «ሰላትሽን ጠብቂ» አይደለም። ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ «ጸጉርሽን አደራ» አለችኝ። እሷ ዘንድ የሴት ልጅ ደኅንነት የሚለካው በጸጉር ነው። «አፍ ይዋሻል፣ ጸጉር ግን አይዋሽም» ትላለች።

ዘመኑ 2007 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ሪያድ ከተማ፣ ጉበይራ ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ መታጠቢያ ቤትና እንደ አሮጌ ሎንቺና የሚያጓራ አንድ ማቀዝቀዣ ነበረን። ከሰው ቤት ሥራ ወጥቼ ኑሩን ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ኑሩ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፤ በሪያድ ያሉ መታጠቢያ ቤቶችን ግማሽ እሱ ነው ያነጠፈው፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ያነጠፉት ሰዎች እሱን አማክረው ነው። ሒክማ ከተወለደች አራት ወር ሞልቷታል። ልክ በአራተኛው ወር ጸጉሬ ኹሩጅ አስመታ።

ኹሩጅ ያኔ ሁላችንም በእንቅልፋችን የምንቃዥበት ቃል ነው፤ ከአገር መውጫ ማኅተም። አንዴ ከተመታ መመለስ የለም። ጸጉሬም እንደዚያው፣ ሳይሰናበት፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ማበጠሪያ ሳነሳ ይወጣል፤ ሳላነሳም ይወጣል። ትራሱ ላይ አገኘዋለሁ፣ ሾርባ ውስጥ አገኘዋለሁ፣ ከሒክማ ጡጫ ውስጥ አገኘዋለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ተደፍኖ ቧንቧ ሠሪው ባንግላዲሻዊ መጥቶ ሽቦውን ሲስብ፣ የወጣው ነገር የአንድ ዓመት ጠቦት ያህላል። ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «ይህ እንስሳ መቼ ሞተ?» ብሎ ጠየቀ።

ፊቴ ደግሞ ማድያት አወጣ። ግራ ጉንጬ ላይ ጣና፣ ቀኝ ጉንጬ ላይ የወሎው ሐይቅ፣ ግንባሬ ላይ ስሙን የማላውቀው ደሴት። ኑሩ አንድ ቀን አተኩሮ ሲያየኝ ቆየና «ወላሂ፣ አሁን መንገድ ቢጠፋኝ አንቺን አይቼ አገሬ እገባለሁ» አለ። አንድ ሳምንት አኮረፍኩት። የኩርፊያዬም ርዝመት ከጸጉሬ ይበልጥ ነበር።

እርግጥ ሪያድ ለመላጣ ሴት የተመቸ ከተማ ነው። አባያዬን ለብሼ፣ ሻሼን ጠምጥሜ ስወጣ ከንግሥት አላንስም። ጉድሽን የሚያውቀው ባልሽና መስታወትሽ ብቻ ነው። እንዲህ ተሸፋፍኜ ጸጉሬ እስኪመለስ እኖር ነበር፤ የያዘኝ የገዛ ምላሴ ነው እንጂ።

እናቴ በየሳምንቱ ስንደዋወል ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው «ጸጉርሽስ?» ነው። መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነው» አልኳት። ደስ አላት። ደስታዋ ደስ አለኝና በሳምንቱ «ጫካ ሆኗል» አልኳት። በሌላው ሳምንት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ቁጭ ስል እየተቀመጥኩበት ተቸግሬያለሁ» አልኳት። ይህን ስል በግራ እጄ የያዝኩት ስልክ ነው፤ በቀኝ እጄ ደግሞ ከትራሴ ላይ የለቀምኩትን እፍኝ ጸጉር።

ታዲያ አንድ ቀን እናቴ ደውላ ድምጿን እንደ ቃዲ አወፍራ «ዘሀራ ፊት ለፊት የሚያሳይ ስልክ ገዝታለች» አለችኝ። ዘሀራ ታናሽ እህቴ ናት፤ አሁን የምትዳረዋ። «ከዛሬ አስረኛው ቀን፣ ጁምዓ፣ ከሰላት በኋላ አይሻለሁ። ጸጉርሽን አይቼ እፈርዳለሁ።»

«ምኑን ነው የምትፈርጂው እማ?»

«የሰውየውን አያያዝ። በፎቶ እንጂ በዓይኔ የማላውቀው ሰው ነው። የወለደች ሴት ጸጉሯ ካማረ ሰው አላት፤ ካላማረ ሰው የላትም። ሰው ከሌለሽ ልጅሽን አዝለሽ ወደ እናትሽ ትመጫለሽ። ኸላስ!»

ኸላስን፣ «አበቃ» ማለቱን፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መልሳ ለኔው።

ይህን እንደ ቀልድ አትዩት። በእኛ ቤት ለእናቴ «አይሆንም» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። ነዪ ካለች መሄድ ነው። ከሄድኩ ደግሞ የእውነቱ ኹሩጅ ይመታብኛል፤ ኑሩ አሠሪው ዘንድ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ሒክማ አባቷን በፎቶ ልታውቅ ነው። ያን ቀን ኑሩ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። ልጅቱን አንስቶ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ዝም ሲል ቤቱ እንዴት እንደሚሰፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በማግስቱ እትዬ ፋጡማ ዘንድ ወረድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ የወረባቦ ሰው ናቸው፣ ሃያ ዓመት ሪያድ ኖረዋል፤ በጉበይራ የሚወለድ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የሳቸውን ፊት ነው። ሻሼን አውልቄ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና «አልብሺው» አሉኝ። «አልብሺው፣ እንዳይበርደው።»

«እትዬ፣ አይቀልዱብኝ! ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ።»

«አንቺ፣ ሰው አይደለም እንዴ የወለድሽው? ወልደሽ በሳምንትሽ ወለል ትወለውያለሽ። ቅቤ አልተቀባሽ፣ ወይባ አልገባሽ፤ ጸጉሩ ምን ይዞት ይቀመጥ? እናትሽ የላከችው ዕቃ የታለ?»

እናቴ ዕቃ ልካ ነበር። ገና በወለድኩ ሰሞን አንዲት የአገር ልጅ ይዛ ተነስታ፣ ጅዳ ላይ ሦስት ወር ቆይታ፣ ያኔ ገና መድረሷ ነው። በማሰሮ የተሞላ ለጋ ቅቤና በጨርቅ የታሰረ የወይባ እንጨት። ወይባ ለማታውቁት፦ ወሎ ውስጥ ሙሽራና አራስ ገላቸውን የሚታጠኑበት እንጨት ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፍም ይደረግበታል፣ እንጨቱ ይጨመርበታል፣ ሴትየዋ ቅቤ ተቀብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ አንገቷን ብቻ አውጥታ ጭሱ ላይ ትቀመጣለች። ስትወጣ ቆዳዋ እንደ አዲስ ነሐስ ያበራል። ዕቃውን ያመጣችው ልጅ በሩ ላይ ቆማ፣ ማሰሮውን በአንድ እጇ፣ አንድ ቀሚስ በሌላው እጇ አቀበለችኝ። «እህቴ፣ አፉ በይኝ። በሪያድ ሙቀት ቀለጠብኝ። ግማሹ እዚህ ቀሚሴ ውስጥ ነው፤ ጨምቀሽ መልሺልኝ።»

በቅቤው ጀመርን። እትዬ ፋጡማ ያለ ስስት፣ የድግስ ወጥ የሚያቁላሉ ይመስል፣ አናቴ ላይ ቆለሉት። ውጪው አርባ አምስት ዲግሪ ነው። ቅቤው በግንባሬ፣ በጆሮዬ፣ በጀርባዬ መፍሰስ ሲጀምር ዘዴ መጣልኝ፤ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሥሩ ተቀመጥኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አንገቴ አልዞር አለ። ቅቤው ደርቆ የብረት ቆብ ሆኗል። ኑሩ ከሥራ መጥቶ ዙሪያዬን ዞረ። የሴራሚክ መዶሻውን አወጣ፣ በመያዣው አናቴን ቀስ ብሎ ነካ ነካ አደረገው፤ ኳ ኳ አለ።

«ውኃ ልኩ ጥሩ ነው» አለ። «ሁለት ሴራሚክ ይይዛል።»

ከዝምታው በኋላ የመጀመሪያ ቀልዱ ስለነበር ሳቅኩ። ስስቅ ከግንባሬ ላይ አንድ ቁራሽ ተሰንጥቆ ወደቀ፤ ከቁራሹ ጋር ጸጉሬም። ሳቄን አቋረጥኩ።

ሰባት ቀን ተቀባሁ። ጸጉሬ ግን ቢያንስ እንጂ አልጨመረም። ሐሙስ ደረሰ። እትዬ ፋጡማ «ጸጉሩን ለአላህ ትተን ገላውን እናድን» አሉ። «ፊትሽ ካበራ እናትሽ ወደ ላይ ቀና ብላ አታይም። ዛሬ ወይባ ትገቢያለሽ።»

«ጉድጓዱንስ? አራተኛ ፎቅ ላይ!»

ኑሩ ወለሉን አየ። ራሱ ያነጠፈው ወለል ነው። ለአንድ አፍታ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ መፈልፈል አስቦ ነበር። ደግነቱ ከበታቻችን የሰው ቤት መኖሩን አስታወሰ። በምትኩ አንድ የብረት ወንበር መቀመጫውን ቆርጦ አወጣና ቀዳዳ አደረገው። ከሥሩ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ አስቀመጠ። ጉድጓዳችን ተገኘ። ቦታው መታጠቢያ ቤቱ ሆነ፤ ጭስ ማስወጫ ማራገቢያ አለዋ! ከሱቅ ከሰል ገዝቶ መጣ። እትዬ ፋጡማ ሒክማን ይዘው ከውጪኛው በር ላይ እንዲቆሙ ተስማማን፤ ልጅቱን ጭስ እንዳይነካት። እሳቱን ማን ይያዝ? ከኑሩ በቀር ሰው አልነበረም።

«ወንድ ወይባ አያነድም» አሉ እትዬ ፋጡማ።

«እትዬ፣ እዚህ ከተማ ወንድ እንጀራም ይጋግራል» አለ ኑሩ። ገባ።

መጀመሪያ ነገሩ ያማረ ነበር። እኔ ቅቤዬን ተቀብቼ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አንገቴን አውጥቼ እንደ ዔሊ ተቀምጫለሁ። ጭሱ ገላዬን ሲዳስሰው ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ ሽታ! የሠርጌ ሳይሆን የአክስቶቼ፣ የእናቴ ጓደኞች፣ እንዲህ ያለ ቀን ልጆች ሁሉ ከቤት እየተባረሩ በር ሥር ተኝተን የምንሰርቀው የሳቅ ሽታ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ዓይኔ ያለቀሰው በጭሱ ነው ብዬ ለኑሩ ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተ ግን አልዋሽም።

«እሳቱ ደከመ» አለ ኑሩ። ጎንበስ ብሎ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጠ፣ ፊቱን ወደ ጣሳው አስጠጋ፣ ጉንጩን ነፋ። ልክ በዚያች ቅጽበት ሰባት ቀን ሙሉ አናቴ ላይ ሲቆለል የከረመው ቅቤ በሙቀቱ ተረታ። ከማጅራቴ አንድ ጓል ተላቀቀች። በጀርባ አጥንቴ ላይ እየተንሸራተተች ስትወርድ ይሰማኛል፤ ኮረኮረችኝ፤ «ኑሩ፣ አን—» አልኩ። ቀዳዳውን አልፋ ጣሳው ውስጥ ጠብ አለች።

ፏ!

ነበልባሉ ቀና አለ፣ የኑሩን ፊት ሳም አድርጎ ተመለሰ። እኔ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት መታጠቢያው ጥግ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቆሜ ነው፣ ሁለቱን ብርድ ልብስ እንደታቀፍኩ። ኑሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በመገረም ያየኛል። የተቃጠለ የበግ ጭንቅላት ሽታ ሸተተኝ። ግንባሩ ከወትሮው ሰፊ ነበር። ትንሽ ካየሁት በኋላ ነው የጎደለው ምን እንደሆነ የገባኝ።

«ደኅና ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ደኅና ነኝ። አንተ ግን ግራ ቅንድብ የለህም።»

በእጁ ዳሰሰና «ይበቅላል» አለ። ቀጥሎ ጭሱን አየ። ቅቤው የጨመረበት ጭስ ጥቁርና ወፍራም ነው። ኑሩ፣ አስቦ፣ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው አበራው።

ማራገቢያው ጭሱን የሚያስወጣው ወዴት እንደሆነ መቼም አስበን አናውቅም ነበር። ለካ የሁሉም ፎቅ መታጠቢያ ቤቶች የሚተነፍሱት በአንድ ጉድጓድ ነው። በአንድ ጊዜ አራቱም ፎቅ ወይባ ገባ። አንደኛ ፎቅ ሰውነቱን በሳሙና የተለቀለቀ ፓኪስታናዊ እየታጠበ ነበር፤ ከነአረፋው ወጣ። «ሐሪቅ! ሐሪቅ!» — እሳት ነው! እሳት ነው! — የሚል ጩኸት ደረጃውን ሞላው።

እሳት ሲባል ሰው ወደ ታች ይሮጣል። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት የአገራችን ልጆች ግን የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም፤ ጩኸት ሲሰሙ የሚታያቸው ፍተሻ እንጂ እሳት አይደለም። እነሱ ወደ ጣሪያ ሮጡ። ከእሳት የሚሸሸው ወደ ታች፣ ከፖሊስ የሚሸሸው ወደ ላይ፤ ደረጃው መካከል ላይ ተገናኙና ተጣበቁ። አንዱ ፍራሹን ተሸክሟል፣ አንዱ የሩዝ ማብሰያውን አቅፏል። «ወንድሜ፣ ወዴት ነው? እሳቱ ላይ ነው!» «እሳቱስ ይሁን፣ ታች ማን አለ?» ይባባላሉ። እትዬ ፋጡማ በራችን ላይ ሒክማን በግራ እጃቸው ታቅፈው፣ በቀኝ እጃቸው መጥረጊያ ይዘው፣ «ማንም አይገባም! የተራቆተች ሴት አለች!» ይላሉ። ይህን መስማት ሰዉን ይበልጥ ግራ አጋባው። እኔ ባልዲዬ ላይ ቆሜ ሁሉን እሰማለሁ። እሳት አደጋ ከተጠራ ፖሊስ ተከትሎ ይመጣል፤ በእኔ ጉንጭ ምክንያት ስንት ልጅ ሊያዝ ነው አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ነው አሚ ዑስማን የደረሱት። የሕንፃው ጠባቂ ናቸው፣ ሱዳናዊ፣ ረጅም ሽማግሌ፤ የእሳት ማጥፊያውን ጠርሙስ ደረታቸው ላይ ታቅፈው በዚያ የሰው ግፊያ መካከል ወጡ። አራተኛው ፎቅ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። አፍንጫቸውን አነሱ።

«ዝም በሉ!» አሉ። ደረጃው ዝም አለ።

ጭሱን አንዴ ሳቡት። ደግመው ሳቡት። ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና፣ እትዬ ፋጡማ ዛሬም እየማሉ እንደሚነግሩን፣ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ፋጢማ» አሉ፣ «ውስጥ ያለችው ሙሽራ ናት ወይስ አራስ?»

«አራስ ናት። ትንሽ የቆየች አራስ።»

«ይህ እሳት አይደለም፤ ዱኻን ነው» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «የእኛም ሴቶች ይህን ይገባሉ። የእኔም ባለቤት ትገባ ነበር። አስራ አንድ ዓመት አልሸተተኝም።» ከዚያ እንደገና ወደ በሩ፦ «ጨርሳለች?»

«አልጨረሰችም።»

«እንግዲያስ ትጨርስ! ወንድ ሁሉ ወደ ታች! ያላ! ጀርባችሁን ለበሩ ስጡ!»

እንዲህ ሆነ። የአራት ፎቅ ወንድ፣ ከነፍራሹ፣ ከነሩዝ ማብሰያው፣ ከነሳሙናው፣ የጉበይራ ፀሐይ ላይ በጀርባው ተሰልፎ ቆመ፤ እኔ ወይባዬን እስክጨርስ። ኑሩ በተቃጠለ ግንባሩ እሳቱን አስተካክሎ እንደገና ነፋ። ንግሥቶች እንኳ እንዲህ አልተጠበቁም። ስጨርስ ለአሚ ዑስማን አንድ ቁራጭ ወይባ በጨርቅ ጠቅልለን ላክንላቸው። አላነደዱትም። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በደረታቸው ኪስ ውስጥ ነበር፤ በደረጃው ሳልፍ እንደ ሰላምታ ያሸትቱታል።

ጁምዓ መጣ። ገላዬ አብርቷል፣ ማድያቱ እንኳ በወርቅ ተለብጦ ያማረ መስሏል። ጸጉሬ ግን ያው ነው። እትዬ ፋጡማ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ከየት እንዳመጡት የማልጠይቃቸውን ዊግ አጠለቁልኝ፣ ከላይ ሻሽ ጣል አደረጉበት። ኑሩን ከስልኩ ርቀህ ቁም አልነው፤ ግራ ቅንድቡ የለም፣ ቀኙ ደግሞ ተርፎ ተገርሞ የቀረ ይመስላል። አማች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ፊት አይደለም።

ስልኩ ጮኸ። ከፈትኩት። የእናቴ ጆሮ መጣ።

ዘሀራ «እማ፣ ጆሮሽ ላይ አታድርጊው! ፊትሽ ላይ!» ብትላት አትሰማም። «ሀሎ? ሀሎ? አይታየኝም!» ትላለች እናቴ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ። ዘጠኝ ዓመት የናፈቅኳት እናቴ በጆሮዋ መጣች። ያችው የብር ጉትቻ፣ ያው የተሰነጠቀ የጆሮ ጫፍ፣ በሕፃንነቴ እኔ ጎትቼ የሰነጠቅኩት። ጆሮ አይቶ የሚያለቅስ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ፊቷ መጣ። አየችኝ፣ አየኋት። «ቆዳሽ አምሯል» አለች። ልቤ ተረጋጋ። «ሻሹን አውልቂው።» አወለቅኩት። «እንዴ! ማሻአላህ! የምትቀመጭበት የታለ ታዲያ? ዞር በይ፣ ልየው።» ዞር ልል ስል ጉልበቴ ላይ የነበረችው ሒክማ፣ አራት ወር የእናቷን ጸጉር ስትለቅም የኖረችው ሒክማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ያዘችው።

ዊጉ ያለ ምንም ተቃውሞ ከሷ ጋር ሄደ።

ኑሩ ደንግጦ ከጥጉ ዘሎ ከልጅቱ ሊነጥቅ ሲል፣ ከነተቃጠለ ግንባሩ ስልኩ መካከል ገብቶ ቆመ።

«ይሄ ማነው?» አለች እናቴ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ። ኑሩ ነኝ» አለ፣ ዊጉን ከጀርባው እየደበቀ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ቅንድብህን ምን በላው?»

ኑሩ ከኔ ጋር ይህን ያህል ኖሮ መዋሸት ያልተማረ ሰው ነው። «ወይባው ነው። ስነፋው ነደደብኝ።»

«ወይባውን ማን ነው ያነደደው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። ሌላ ሰው አልነበረንም።»

ስልኩ የቆመ መሰለኝ። እናቴ የኔን ራስ አየች፣ የሱን ግንባር አየች፣ መልሳ የኔን አየች። እኔ ሻንጣዬን በሐሳቤ እየጠቀለልኩ ነው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ፣ ሳቋ ፈነዳ፤ ያ በር ሥር ተኝቼ የምሰርቀው ሳቅ።

«አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወይባ ስገባ ከመንደር ይወጣ ነበር» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ጭሱ ያስለኛል እያለ! ... ስሚ አንቺ ቀጣፊ። ስለ ምትቀመጭበት ጸጉር አገርሽ ስትገቢ እንነጋገራለን። ጸጉር ይበቅላል። እንዲህ ያለ ቅንድብ ግን በየሜዳው አይገኝም። ቤትሽ ተቀመጪ። ኸላስ።»

ኑሩ መስኮቱ ጋ ሄዶ እንደዚያ ቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ትከሻው ግን ያን ቀን እንደነበረው አልነበረም።

ጸጉሬ ሒክማ ዓመቷን ሳትደፍን በገዛ ፈቃዱ ተመለሰ። ቅቤ ሳልቀባው፣ ወይባ ሳላጥነው፣ ያለ ቪዛ። የኑሩም ቀኝ ቅንድብ ተስተካከለ፤ የግራው ጫፍ ግን ቀረ። አገራችን ከገባን በኋላ እናቴ፣ ቤታችን በመጣች ቁጥር፣ ከሰላምታ በፊት በአውራ ጣቷ ያችን ባዶ ቦታ ዳሰስ ታደርግለት ነበር። ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

ይህን ሁሉ ለሒክማ አልነገርኳትም። ኩሉን ከእጇ ቀምቼ «የራስሽን ጸጉር ከፈለግሽ ተላጪው» አልኳት፤ «ያን ግን አትንኪው።» ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ኑሩ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና ሳቀ።

እሑድ ፎቶ እንነሳለን። ፎቶ አንሺው «አንቺ በቀኙ በኩል ብትሆኚ ያምራል» ማለቱ አይቀርም፤ ሁሉም ይላሉ። እኔ ከግራው ነው የምቆመው።